የኬለር–ሲገልን እኩልታ በወረቀት መፈተሽ፦ ህዋሶቹ መቼ ይበተናሉ፣ መቼስ አንድ ነጥብ ላይ ይከመራሉ?

ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም የተባለችው የአፈር አሜባ ምግብ ሲያልቅባት ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ የሚባል ኬሚካል ትለቃለች። ጎረቤቶቿ ኬሚካሉ ወደበዛበት ይሳባሉ፣ ሲደርሱም እነሱው በተራቸው ይለቃሉ፤ መሳሳቡ በራሱ ላይ እየጨመረ ይሄዳል። በሌላ በኩል ህዋስ ሁሉ ወዲያና ወዲህ ስለሚንከላወስ ስርጭት ይበትናቸዋል። ኢቭሊን ፎክስ ኬለርና ሊ ሲገል በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህን ትግል በፓርሻል ዲፈረንሻል እኩልታ ጻፉት። ክሊፎርድ ፓትላክ በ1953 ከዘፈቀደ ጉዞ ተነስቶ ወደ ተመሳሳይ እኩልታ ደርሶ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስና የሆልደርን አለመተካከል ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ግቡ አንድ ቁጥር ነው፦ 8ፓይ፣ ማለትም 25.13 ገደማ። ይህ መበተን ከመከመር የሚለይበት ደፍ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ከበላዩና ከበታቹ ምን እንደሚረጋገጥ፣ ኮምፒውተር ላይስ እንዴት እንደሚታይ በቅደም ተከተል እንሄድበታለን።

ከትንሹ ሞዴል ይነሱ

ሙሉው ሞዴል አራትና አምስት ቋሚ ቁጥሮች አሉት። ሁሉንም ይዞ መጀመር ወረቀት ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። ኬሚካሉ ከህዋሶቹ እጅግ በፍጥነት ስለሚሰራጭ በየቅጽበቱ ሚዛኑን እንደያዘ ይቁጠሩት፤ የኬሚካሉን መበስበስም ለጊዜው ይተዉት። ቦታው ወሰን የሌለው ጠፍጣፋ ወለል ይሁን። ህ የህዋሶቹ እፍግታ፣ ኬ የኬሚካሉ መጠን፣ ጊ ጊዜ፣ ካይ የመሳሳቡ ጥንካሬ ከሆኑ፦

∂ህ/∂ጊ = ∇²ህ − ካይ ∇·(ህ∇ኬ)

−∇²ኬ = ህ

በሁለተኛው መስመር ያለችውን የመቀነስ ምልክት ደግመው ይዩ። ከተገለበጠች ህዋሶቹ ይገፋፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ማረጋገጫ ሁሉ በቀላሉ ይሳካል፣ ግን ስለሌላ ሞዴል ነው። ማረጋገጫው ከተጠበቀው በላይ ሲቀል መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ምልክት ነው።

ሁለተኛውን መስመር ፈትተው ኬን ያስወግዱ። በነጥብ ሀ ላይ

∇ኬ(ሀ) = −(1/2ፓይ) ∫ ህ(ለ) (ሀ−ለ)/|ሀ−ለ|²

ሲሆን ኢንቴግራሉ በለ ላይ ነው። ይህን መስመር አይጣሉት፤ 8ፓይ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ማንኛውም ግምት ከመጻፉ በፊት ስኬሊንግ

አንድ መፍትሔ ይውሰዱና ርዝመቱን በየአቅጣጫው 10 ጊዜ ያጥብቡት፣ እፍግታውን 100 ጊዜ ያብዙት፣ ጊዜውን 100 ጊዜ ያፍጥኑት። አሁንም መፍትሔ ነው። የህዋሶቹ ጠቅላላ ብዛት መ = ∫ህ ምን ሆነ? በሁለት ዳይሜንሽን ስፋቱ 100 ጊዜ ስላነሰና እፍግታው 100 ጊዜ ስለበዛ ምንም አልሆነም። በአንድ ዳይሜንሽን መ 10 ጊዜ ይጨምራል፤ ብዛት ግን ስለማይለወጥ እየጠበቡ መሄድ አይቻልም፣ ስለዚህ ፍንዳታ (እፍግታው በውሱን ጊዜ ወሰን አጥቶ ማደጉ) የለም። በሦስት ዳይሜንሽን ደግሞ መ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ለመጥበብ የሚያስፈልገው ብዛት እያነሰ ስለሚሄድ ትንሽ ብዛትም አያድንም። ሚካኤል ዊንክለር በ2013 ኬሚካሉ የራሱ የጊዜ እኩልታ ባለው ሞዴልም ጭምር፣ በሉል ውስጥ ማንኛውም ብዛት በውሱን ጊዜ ሊፈነዳ እንደሚችል አረጋግጧል። ብዛት ብቻውን ዕጣ የሚወስነው በሁለት ዳይሜንሽን ነው፤ በዚህ የምንቆየውም ለዚህ ነው።

ከደፉ በላይ፦ የሁለተኛው ሞመንት ስሌት

ይህ የርዕሱ ሁሉ ምርጥ ስሌት ነው፤ ሳያዩ ከራስ መጻፍ እስኪቻል ድረስ ቢደገም አይጎዳም። ∫|ሀ|²ህ ህዋሶቹ ከመነሻው ምን ያህል እንደተበተኑ ይለካል። በጊዜ ዲፈረንሺየት ያድርጉት። የስርጭቱ ክፍል፣ የ|ሀ|² ላፕላሲያን 4 ስለሆነ፣ 4መ ይሰጣል። የመሳሳቡ ክፍል በአንድ ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስ 2ካይ ∫ህ ሀ·∇ኬ ይሆናል። ከላይ የተቀመጠውን ∇ኬ ይተኩ፦

−(ካይ/ፓይ) ∬ ህ(ሀ)ህ(ለ) ሀ·(ሀ−ለ)/|ሀ−ለ|²

አሁን ሀንና ለን ያቀያይሩ፣ ሁለቱን ደምረው ለ2 ያካፍሉ። ላዩ |ሀ−ለ|² ሆኖ ከታችኛው ጋር ይሰረዛል። የሚቀረው −(ካይ/2ፓይ)መ² ብቻ ነው። ሲጠቃለል፦

∂/∂ጊ ∫|ሀ|²ህ = 4መ (1 − ካይ መ/8ፓይ)

የቀኙ ወገን ቋሚ ቁጥር ነው። ካይ መ ከ8ፓይ ከበለጠ ሞመንቱ በቀጥታ መስመር ይወርዳል። ከዜሮ በታች መውረድ ስለማይችል መፍትሔው ከዚያ በፊት መሰበር አለበት። መነሻ ሞመንቱ ሞ ከሆነ የሚፈነዳበት ጊዜ ከ

2ፓይ ሞ / (መ(ካይ መ − 8ፓይ))

አይዘገይም። ካይ 1፣ መ 10ፓይ ይሁን፤ መነሻውም (መ/0.25ፓይ) ጊዜ ኤክስፖኔንሻል −|ሀ|²/0.25 የሆነ የጋውስ ጉብታ ይሁን። ያኔ ሞ = 0.25 መ = 7.85፣ የፍንዳታው የመጨረሻ ቀጠሮ ደግሞ ጊ = 0.25 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ይያዙ፤ ኮምፒውተሩ ጋ ስንደርስ እንፈልጋቸዋለን።

ሦስት ስሕተቶች እዚህ ይደጋገማሉ። አንደኛው ሞ ውሱን መሆኑን አለመጠየቅ ነው። 8/(1+|ሀ|²)² የተባለው እፍግታ ካይ 1 ሲሆን ብዛቱ ልክ 8ፓይ ነው፤ በጊዜም ፈጽሞ አይለወጥም፤ ሞመንቱ ግን ወሰን የለውም። ሁለተኛው |ሀ|² በሩቅ ስለሚያድግ ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስ በቀጥታ አለመፈቀዱን መርሳት ነው። በ|ሀ|² ፈንታ ከትልቅ ክብ ውጭ የሚቆም ለስላሳ ፋንክሽን ያስገቡና መጨረሻ ላይ ክቡን ያስፉ። ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀ ነው። ስሌቱ መፍትሔው እንደሚሰበር እንጂ እንዴት እንደሚሰበር አይናገርም። ሞመንቱ ዜሮ ሲደርስ ህዋስ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ተከመረ ብሎ የሚጽፍ አለ። መፍትሔው ከዚያ ቀድሞ፣ ሞመንቱ ገና ከዜሮ በላይ ሳለ፣ ከብዛቱ በከፊሉ ብቻ ሊፈነዳ ይችላል።

ከደፉ በታች፦ መጀመሪያ የሚሳሳተው መንገድ

ከ8ፓይ በታች መፍትሔው ለዘላለም መኖሩን ለማሳየት ሁሉም ሰው በቅድሚያ የሚሞክረው ኢንትሮፒን ነው፦

∂/∂ጊ ∫ህ ሎግ ህ = −4∫|∇√ህ|² + ካይ∫ህ²

ቀጥሎ የጋግሊያርዶ–ኒረንበርግ አለመተካከል ∫ህ² ≤ ቋሚ · መ · ∫|∇√ህ|² ይላል። ከሁሉ የተሻለው ቋሚ 2/11.70 ገደማ ነው። ስለዚህ ካይ መ ከ23.40 ካነሰ የቀኙ ወገን አሉታዊ ይሆንና ኢንትሮፒው ይወርዳል። ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ግን 23.40 ከ25.13 ያንሳል። ከደፉ 7 በመቶ ያህል ሳይነካ ቀረ፣ ቋሚውም የመጨረሻው ስለሆነ በብልሃት አይሻሻልም። እዚህ ቆሞ ስሌቱን መጭመቅ ዋጋ የለውም። የተጣለው መረጃ መሳሳቡና ስርጭቱ በየቦታው እርስ በርስ መጠባበቃቸው ነው፣ ያን የሚይዘው ደግሞ ነፃ ኢነርጂው ነው፦

ነ = ∫ህ ሎግ ህ − (ካይ/2)∫ህኬ

∂ነ/∂ጊ = −∫ህ |∇ሎግ ህ − ካይ∇ኬ|²

ነ ሁልጊዜ ይወርዳል። ችግሩ የሁለት ነገሮች ልዩነት መሆኑ ነው፦ ሁለቱም ወደ ላይ እየሮጡ ልዩነታቸው ሊወርድ ይችላል። የሚለያያቸው ሎጋሪዝማዊው የሀርዲ–ሊትልዉድ–ሶቦሌቭ አለመተካከል ነው፦

∫ህ ሎግ ህ + (2/መ)∬ህ(ሀ)ህ(ለ) ሎግ|ሀ−ለ| ≥ −መ(1 + ሎግ ፓይ − ሎግ መ)

ኬን በሎጋሪዝም ተክተው ነን ይጻፉ፤ የድርብ ኢንቴግራሉ ማባዣ ካይ/4ፓይ ይሆናል። አሁን ኢንትሮፒውን ለሁለት ይክፈሉት፦ ካይ መ/8ፓይ የሚያህለውን ክፍል ከድርብ ኢንቴግራሉ ጋር ያጣምሩ፣ የቀረውን ለብቻው ይተዉት። በዚህ አከፋፈል ማባዣው በትክክል 2/መ ይወጣል። አለመተካከሉን ሲያስገቡ፦

(1 − ካይ መ/8ፓይ) ∫ህ ሎግ ህ ≤ ነ(0) + ቋሚ

ቅንፉ ከዜሮ የሚበልጠው ልክ ከ8ፓይ በታች ነው። ዣን ዶልቦና ቤኖዋ ፐርታም በ2004 ይህን መንገድ አሳዩ፤ ከአድሪያን ብላንሼ ጋር ሆነውም በ2006 ሙሉ አድርገው አወጡት። በመጨረሻው አለመተካከል ውስጥ የተጠቀለለ አንድ ጉዳይ አለ። ህ ከ1 ባነሰበት ቦታ ህ ሎግ ህ አሉታዊ ነው፣ ወለሉም ወሰን የለውም። ህዋሶቹ ወደ ሩቅ ቢሸሹ አሉታዊው ክፍል ወደ ታች ሊሮጥ ይችላል። የሚያግደው እንደገና ሞመንቱ ነው፤ ከደፉ በታች በቀጥታ መስመር ብቻ ስለሚያድግ በማንኛውም ውሱን ጊዜ አሉታዊው ክፍል ታጥሮ ይቀራል። ከላይ የተሠራው ስሌት ለሁለቱም ወገን አገለገለ ማለት ነው።

ከኢንትሮፒ ወደ የታጠረ እፍግታ

የታጠረ ኢንትሮፒ ማለት ገና የታጠረ ህ ማለት አይደለም። ደረጃውን በኩብ ይውጡ፦

∂/∂ጊ ∫ህ³ = −(8/3)∫|∇(ህ√ህ)|² + 2ካይ∫ህ⁴

ካሬ ላይ ማቆም አይበቃም። በሁለት ዳይሜንሽን ∇ኬ የታጠረ እንዲሆን ህ ከ2 በላይ በሆነ ፓወር መቀናጀት አለበት፤ 3 የመጀመሪያው ምቹ ቁጥር ነው። ∫ህ⁴ ከቋሚ · ∫ህ · ∫|∇(ህ√ህ)|² አይበልጥም፣ ግን ∫ህ = መ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ቁ ይምረጡና ስሌቱን ህ ከቁ ባለፈበት ትርፍ ላይ ብቻ ይሥሩት። የትርፉ ብዛት ከ(1/ሎግ ቁ) ጊዜ የኢንትሮፒው አዎንታዊ ክፍል አይበልጥም፤ ቁን በማሳደግ የፈለጉትን ያህል ያንሳል፣ የስርጭቱም ክፍል ያሸንፋል። የሚከተሉት ዝቅተኛ ደረጃ ተጨማሪዎች በግሮንዎል አለመተካከል ይያዛሉ። ∫ህ³ ከታጠረ ∇ኬ ይታጠራል፣ ከዚያ በሙቀት ከርነሉ የዱሃሜል ቀመር ህ ራሱ ይታጠራል።

ይህ ሁሉ ስሌት ለስላሳ መፍትሔ እንዳለ ይገምታል። ጥብቅ ለማድረግ ሎጋሪዝሙን በመነሻው አካባቢ በጠባብ ክብ ውስጥ ያለስልሱት፤ ለለሰለሰው ሞዴል መፍትሔ በፊክስድ ፖይንት ይገኛል። ግምቶቹ ከክቡ ስፋት ጋር እንዳይለወጡ ያረጋግጡና ክቡን ወደ ዜሮ ያጥብቡ። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ ያጠበበ ሰው የሚይዘው ምንም ነገር የለውም።

ሞዴሉ ሲለወጥ ምን ይሰበራል

የታጠረ ክልልና ፍሰት የማያሳልፍ ጠርዝ ሲኖር ሁለተኛው መስመር −∇²ኬ = ህ − አማካይ ህ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ እኩልታው መፍትሔ የለውም። ደፉም ወደ 4ፓይ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ጠርዝ ላይ የተከመረ ክምር ግማሽ ክብ ነው፤ ጠርዙ እንደ መስተዋት ሌላውን ግማሽ ያሟላለታል። ክልሉ ክብ፣ መነሻውም በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ከሆነ 8ፓይ ይመለሳል። ጽሑፍ ሲያነቡ «4ፓይ» እና «8ፓይ» የተጋጩ ከመሰለዎት መጀመሪያ ጠርዙን ይፈልጉ።

ኬሚካሉ የራሱ ∂ኬ/∂ጊ ሲኖረው የሞመንቱ ስሌት አይዘጋም፤ ∇ኬ የህን ያለፈ ታሪክ ስለሚይዝ ሀንና ለን ማቀያየሩ አይሠራም። ኢነርጂው ግን ይተርፋል፦ በ−(ካይ/2)∫ህኬ ፈንታ −ካይ∫ህኬ + (ካይ/2)∫|∇ኬ|² ይግባ፣ መበስበስም ካለ (ካይ/2)∫ኬ² ይጨመር። ከ8ፓይ በታች ያለው ማረጋገጫ በዚህ ይቀጥላል። ከበላዩ ግን ወሰን በሌለው ወለል ላይ ሳይፈነዱ የሚኖሩ መፍትሔዎች ስላሉ፣ ብዛቱን ብቻ አይቶ ፍንዳታን መናገር ስሕተት ነው።

የህዋሶቹ መራባትና መጨናነቅ ሲጨመር፣ ማለትም በቀኝ በኩል −ሙ ህ² ሲገባ፣ በሁለት ዳይሜንሽን ትንሹ ሙ እንኳ ፍንዳታውን ያስቀራል። በሦስት ዳይሜንሽን ኬሚካሉ ሚዛኑን በያዘበት ሞዴል ሙ ከካይ/3 ከበለጠ ይበቃል።

ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት

በካሬ ሳጥን ላይ መጀመር የተለመደ ነው፤ ለመጀመሪያ ሙከራ ግን አይመከርም። ከላይ የተባለው አማካይ ህ ራሱ ህዋሶቹን ወደ ውጭ ስለሚገፋ የሞመንቱ ቁልቁለት ከቀመሩ ጋር አይገጥምም፤ ሰውም የሌለ ስሕተት ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ይልቁንም በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት መነሻ ይውሰዱና ሰ = |ሀ|² ብለው በዚያ ክብ ውስጥ ያለውን ብዛት ድ ይበሉት። ሁለቱ እኩልታዎች ወደ አንድ ይጠባሉ፦

∂ድ/∂ጊ = 4ሰ ∂²ድ/∂ሰ² + (ካይ/ፓይ) ድ ∂ድ/∂ሰ

እፍግታው (1/ፓይ)∂ድ/∂ሰ ነው። ጫፎቹ ድ(0) = 0፣ ድ(9) = መ ይሁኑ፤ መነሻው መ(1 − ኤክስፖኔንሻል −ሰ/0.25)። ከ0 እስከ 9 ያለውን በ0.01 እርምጃ ለ900 ይክፈሉ። መሳሳቡ ብዛትን ወደ ዜሮ ስለሚነዳ ዲፈረንሱ ከቀኝ ጎረቤት ይወሰድ፦ የቀኙ ድ² ሲቀነስ የራሱ ድ²፣ ለ2ፓይ ጊዜ 0.01 ተካፍሎ፣ በካይ ተባዝቶ። ከግራ ከወሰዱ ቁጥሮቹ በጥቂት እርምጃ ይበታተናሉ። ሁሉንም በቀጥታ ካሰሉ የጊዜው እርምጃ ከ0.0000013 መብለጥ የለበትም፤ ጥፋተኛው ሰ ትልቅ በሆነበት ጫፍ ያለው ስርጭት ነው። ስርጭቱን በኢምፕሊሲት (በሚቀጥለው ጊዜ ባለው ድ) ከያዙ፣ በየእርምጃው አንድ ባለሦስት ሰያፍ ማትሪክስ መፍታት ብቻ ስለሆነ፣ ለመ = 10ፓይ እስከ 0.001 ድረስ ይፈቀዳል፤ ለጥንቃቄ ግማሹን ይጠቀሙ።

ኮዱን ከማመንዎ በፊት ድ = 8ፓይ ሰ/(1+ሰ) ያስገቡ፣ የቀኙን ጫፍም በዚሁ ቀመር፣ በ7.2ፓይ ያስሩት። ይህ የማይለወጠው መፍትሔ ነው፤ ከቦታው የሚያነቃንቀው የፍርግርጉ ስሕተት ብቻ መሆን አለበት፣ እርምጃው በግማሽ ሲያንስም በግማሽ ገደማ ማነስ አለበት።

ከዚያ መ = 6ፓይ ያስኪዱ። ሞመንቱ በ18.85 ቁልቁለት መውጣት፣ የመሐሉ እፍግታም መርገብ አለበት። ቀጥሎ መ = 10ፓይ። ሞመንቱ ከ7.85 ተነስቶ በ−31.4 ቁልቁለት ይወርዳል። በዚህ ስኪም (የማስላት ዘዴ) ላይ ቁልቁለቱ በትክክል 4መ − (መ² − ድ₁²)/2ፓይ ነው፤ ድ₁ በመጀመሪያዋ ክፍል ውስጥ ያለው ብዛት ነው። እናም ቁልቁለቱ ከ−31.4 መራቅ የጀመረበት ቅጽበት ብዛቱ ወደ አንዲት ክፍል መግባት የጀመረበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው የፍርግርጉ እንጂ የእኩልታው አይደለም፤ ግራፉን እዚያ ይቁረጡት።

መሐሉ ላይ የሚታየው ከፍታ ብቻውን የፍንዳታ ማስረጃ አይሆንም። በ0.01 ፍርግርግ እፍግታው ከ10/0.01 = 1000 ፈጽሞ ሊያልፍ አይችልም፤ እውነተኛ መፍትሔ ይፈንዳም አይፈንዳም። ሩጫውን በ0.005 ይድገሙ። ጣሪያው ወደ 2000 ሲወጣ የተገኘው ከፍታም አብሮ በእጥፍ ከተከተለው ፍንዳታ ነው፤ ሁለቱም ሩጫ በአንድ ቁጥር ላይ ከቆመ ግን ረጅም ጉብታ ብቻ ነው። መን 8.1ፓይ አድርገው አይሞክሩት፦ ከዜሮ አጠገብ የስኪሙ ሰው ሠራሽ ስርጭት የእውነተኛውን ያህል ስለሚሆን፣ ለደፉ የቀረበ ብዛት በ0.01 ፍርግርግ ላይ ዘግይቶ ወይም ጨርሶ ሳይፈነዳ ሊያልፍ ይችላል።